የደከመውን ግልገል ከእናቱ ነጥዬ ላሳድገው?

ጥያቄ፦ «ድመቴ ከወለደች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። አራት ግልገሎች አሏት። ሦስቱ ደህና ናቸው፤ አንዱ ግን በጣም ትንሽ ነው። በኩሽና ሚዛን ስመዝነው 92 ግራም ሆነ፤ ሌሎቹ ከ140 በላይ ናቸው። ወንድሞቹ እየገፉት ጡት አያገኝም፣ ብዙ ያለቅሳል፣ ስነካው ይቀዘቅዛል። ሁለት ጊዜ የላም ወተት አሙቄ በጀርባው አስተኝቼ በሲሪንጅ ሰጠሁት፤ በሁለተኛው ጊዜ ወተቱ በአፍንጫው ወጣ። እናቲቱ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀይራለች፣ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታለች። ቡናማ ፈሳሽ ይወጣታል፣ እንደ ወትሮዋ አትበላም፣ ማታ ማታ ደግሞ ወደ ውጭ መውጣት ትፈልጋለች። ‹ልጆቿን ከነካሻቸው ትበላቸዋለች› ስለተባልኩ እጄን ማስገባት ፈርቻለሁ። ግልገሎቹ ሲሸኑም ሆነ ሲጸዳዱ አይቼ አላውቅም። ትንሹን ለይቼ ራሴ ላሳድገው? ሌሎቹንስ መቼ ለሰው ልስጥ?»

ምላሽ፦ አይለዩት። ከእናቱ የተነጠለ ግልገል ሙቀቱን፣ ወተቱንና የሚያጸዳውን ምላስ በአንድ ጊዜ ያጣል። ሦስቱንም በሰው እጅ መተካት ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ መነሣት ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ውጤቱ የእናትን ያህል አይሆንም። የእርስዎ ድርሻ እናቲቱን ማገዝ ነው። እገዛው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ማሞቅ፣ ቀጥሎ ጡት ማስያዝ፣ ከዚያ በየቀኑ መመዘን። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ለማዳን የተሰጠው ወተት ራሱ ሊገድለው ይችላል። የላም ወተቱን ከአሁን ጀምሮ ያቁሙ።

ማሞቅ የሚቀድምበት ምክንያት አለው። አዲስ የተወለደ ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የሰውነቱ ሙቀት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የእናቱ ግን ከ38 እስከ 39 ይደርሳል። ትልቅ ድመት ሲበርዳት ተንቀጥቅጣ ትሞቃለች፣ እሱ ይህን ገና አልጀመረም። ሙቀቱ ከ35 በታች ሲወርድ አንጀቱ ሥራውን ያቆማል፣ የመጥባት ፍላጎቱም ይጠፋል። በዚህ ሰዓት የተሰጠ ወተት ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሆዱን ይነፋዋል፣ ወደ ላይ ሲመለስም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እናትም የቀዘቀዘ ግልገል ከጉያዋ ገፍታ የምትተውበት ጊዜ አለ። ሰው «ጠላችው» ይላል፤ ግልገሉ ሞቆ ሲመለስላት ግን ብዙውን ጊዜ ትቀበለዋለች።

አሁን ይህን ያድርጉ። እጅዎን ታጥበው ትንሿን ጣትዎን በቀስታ አፉ ውስጥ ያስገቡ። ደህና የሆነ ግልገል አፉ ይሞቃል፣ ምላሱን በጣትዎ ዙሪያ ጠቅልሎ ይጠባል። አፉ ከቀዘቀዘ ወይም ጣትዎን ዝም ካለው፣ ወተት የሚባል ነገር አያቅርቡለት። በልብስዎ ውስጥ ከደረትዎ ቆዳ ጋር አስጠግተው ይያዙት፣ በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ በየተወሰነ ጊዜው ጎኑን ያገላብጡት። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አይቸኩሉ። ምድጃ አጠገብ ማድረግ፣ በፀጉር ማድረቂያ መንፋት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር አደገኛ ነው። ቆዳው በድንገት ሲሞቅ ደሙ ወደ ቆዳው ስለሚሸሽ የውስጥ ብልቶቹ ይጎዳሉ፤ ስስ ቆዳውም በቀላሉ ይቃጠላል። እየሞቀ ሳለ የዛለ ከመሰለዎት፣ ስኳር የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ በጣትዎ ጫፍ ድዱን ይቀቡት። መቀባት ብቻ ነው፤ አያፍስሱበት።

ጎጇቸውም መሞቅ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ግልገሎቹ የተኙበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው በጎጆው አንድ ጎን ብቻ ያስቀምጡ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝም ወዲያው ያንሡት፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ የግልገሉን ሙቀት መልሶ ይስባል። ጎጆውን በሙሉ ካሞቁት እናቲቱ ሙቀት ይበዛባታል፣ ጥላቸውም ትወጣለች። ሙቀቱ ልክ መሆኑን የሚነግሩዎት ራሳቸው ናቸው። ሲበርዳቸው ክምር ሆነው ይጮኻሉ፤ ሲበዛባቸው እየተሳቡ ይራራቃሉ፣ ቆዳቸውም ይቀላል። ሲስማማቸው ጎን ለጎን ተኝተው በእንቅልፋቸው መሐል እጅ እግራቸው ብድግ ብድግ፣ ፊታቸው ነቅነቅ ይላል። ይህ የእንቅልፍ መፈራገጥ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ የጤናማ ግልገል ምልክት ስለሆነ አይስጉ። ይልቅ ሌሎቹ ሲፈራገጡ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሶ የሚተኛው ነው የሚያሳስበው።

የላም ወተት ለጥጃ ነው። የድመት ወተት ፕሮቲኑ ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ነው፤ ቅባቱም ይበልጣል። ስለዚህ በላም ወተት ሆዱ የሞላ ግልገል የጠገበ ይመስላል እንጂ አያድግም። ከዚያ ተቅማጥ ይከተላል፤ 92 ግራም የምትመዝን ነፍስ ደግሞ በተቅማጥ የሰውነቷን ፈሳሽ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅባትም። የፍየል ወተትና ለሕፃናት የሚሸጠው የዱቄት ወተትም መፍትሔ አይሆኑም፤ ለድመት ፕሮቲናቸው ያንሳል። የእናት ወተት ከጎደለ የሚተካው ለድመት ግልገል ተብሎ የተዘጋጀው የዱቄት ወተት ብቻ ነው።

ወተቱ በአፍንጫው መውጣቱን በቀላሉ አልመለከተውም። ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው አያያዝ ነው። ሰው ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ስለሚያጠባ ግልገልንም እንደዚያ ያስተኛል፤ ግልገል ግን በሆዱ ተደፍቶ፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጎ ነው የሚጠባ። በጀርባው ሲተኛ ወተቱ ወደ አየር ቧንቧው ይሄዳል፣ ሲሪንጅ ሲገፋ ደግሞ መዋጥ ከሚችለው በላይ ይገባበታል። ሁለተኛው ምክንያት የላንቃ ስንጥቅ ነው። አንዳንድ ግልገሎች ላንቃቸው መሐሉ ላይ ሳይገጥም ይወለዳሉ፤ የሚጠቡት በአፍንጫቸው ስለሚመለስ እናታቸው አጠገብ ሆነውም ይከሳሉ። ብርሃን ወዳለበት ይውሰዱት፣ አፉን በጣትዎ ከፍተው ወደ ላይ ይመልከቱ። ላንቃው ሙሉና ሮዝ ከሆነ ጥሩ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ክፍተት ካዩ ማጥባቱን ትተው ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ይህ በቤት የሚታገዝ ጉዳይ አይደለም። ላንቃው ደህና ቢሆንም እንኳ ሁለት ቀን አተነፋፈሱን ይከታተሉ። ሲተነፍስ ጎኑ ቶሎ ቶሎ የሚል፣ አፉን የሚከፍት፣ የሚንቋረር ድምፅ የሚያሰማ ወይም አፍንጫው ላይ አረፋ የሚይዝ ከሆነ ወተት ሳንባው ገብቷል ማለት ነውና በዚያው ሰዓት ሕክምና ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጡት ማስያዙ እንምጣ። «ወንድሞቹ እየገፉት» የሚለው ማብራሪያ አላረካኝም። ድመት አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ጡት አላት፤ ለአራት ግልገል ቦታ ይተርፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያንዳንዱ ግልገል የራሱን ጡት መርጦ ይይዛል፣ ጠንካሮቹ ብዙ ወተት ያለበትን የኋላውን ይወስዳሉ፣ ደካማው የተረፈው ይደርሰዋል። ጥያቄው ለምን ደከመ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው የልደት ክብደት ከ90 እስከ 110 ግራም ገደማ ነው፣ ከ80 በታች የተወለደ ደግሞ ብርቱ ክትትል ይሻል። ቀዝቅዞ መጥባት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ላንቃው ሊሆን ይችላል። እንገሩን ሳያገኝ ቀርቶም ሊሆን ይችላል፤ ግልገል ከእንገር በሽታ መከላከያ የሚቀበለው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 16 ሰዓታት ገደማ ብቻ ነው፣ ያ ጊዜ ያመለጠው ለማንኛውም በሽታ የተጋለጠ ስለሚሆን በነኩት ቁጥር እጅዎን መታጠብ አይርሱ። ወይም እሱ የደረሰው ጡት ወተት የለውም። ይህን ማየት ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ጡት በሁለት ጣት ረጋ ብለው ሲጫኑት ነጭ ጠብታ መውጣት አለበት።

ግልገሉ ከሞቀ በኋላ ሦስቱን ወንድሞቹን እናታቸው እያየቻቸው አጠገቧ ባለ ሙቅ ሣጥን ውስጥ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያኑሯቸው። ትንሹን ከኋለኞቹ ጡቶች በአንዱ ያስጠጉት። የጡቱን ጫፍ ጨምቀው አንድ ጠብታ አውጥተው ከንፈሩን ያርጥቡለት፤ ጠረኑን ሲያገኝ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይፈልጋል፣ ሲይዝ ምላሱ ጎድጎድ ብሎ በጡቱ ዙሪያ ይጠቀለላል፣ የፊት እግሮቹም ጡቱን መገፍተር ይጀምራሉ። የእግሩን ግፊያ ካዩ በትክክል እየጠባ ነው። ይህን በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ይድገሙት፣ ሌሊትም አይለፉት።

ክብደቱን በተመለከተ፣ 92 ግራም የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ትናንት 82 ከነበረ እየዳነ ነው፤ ትናንት 97 ከነበረ እየሞተ ነው። ስለዚህ አራቱንም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ፣ ትንሹን ጠዋትና ማታ፣ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ይጻፉ። መልካቸው የሚመሳሰል ከሆነ የእያንዳንዱን ፀጉር በተለያየ ቦታ ጥቂት ቆረጥ አድርገው ይለዩአቸው፤ አንገት ላይ ክር ማሰር ያንቃቸዋል። ደህና ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። ከልደት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ትንሽ መቀነስ ያጋጥማል፤ ከዚያ በኋላ ግን መቀነስ የለም። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልጨመረ ተጨማሪ ወተት ይጀመርለታል። ከቀነሰ ሐኪም ያየዋል። በዓይን «ወፍሯል፣ ከስቷል» ማለት አይበቃም፤ ክሳቱ ለዓይን ሲታይ የግልገሉ ሰውነት ካለቀ ቆይቷል።

ተጨማሪ ወተቱ ካስፈለገ የዱቄት ወተቱን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይበጥብጡ። ማቅጠን አያጠግብም፣ ማወፈር ሆድ ያደርቃል። ለብ ያለ፣ የክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሲንጠባጠብ የማይሰማ ይሁን። የአንድ ጊዜ መጠኑ ለ100 ግራም ክብደት ከ4 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ለእርስዎ ግልገል ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ። በሆዱ ተደፍቶ ይሰጠዋል፣ በትንሽ ጡጦ ቢሆን ይሻላል። ሲሪንጅ ብቻ ካለዎት አይግፉበት፤ ጠብታ በጠብታ አስነክተው ራሱ ሲውጥ ይጠብቁ። የተረፈውን ይድፉት። ጡጦ መስጠትዎ ግልገሉን ከእናቱ ለመለየት ምክንያት አይሆንም፤ እንደጨረሰ ወደ ጉያዋ ይመልሱት።

«ከነካሻቸው ትበላቸዋለች» የሚለው ስህተት ነው፤ ያለ ምክንያት ስንት ግልገል ያለ እርዳታ ያስቀረ ወሬ ነው። ሰውን የምታምን የቤት ድመት በሰው ጠረን ምክንያት ልጆቿን አትተውም። እንግዴ ልጁን መብላቷ ተፈጥሮ ነው። የሞተ ግልገል መብላትም ያጋጥማል። በሕይወት ያለ ግልገል ላይ የምትነሣው እጅግ ስትጨነቅ፣ ስትታመም ወይም ጎጆዋ ሰላም ሲያጣ ነው፣ ያም አልፎ አልፎ። መከልከል ያለበት የብዙ ሰው መመላለስ፣ የሕፃናት ማገላበጥና ጫጫታ ነው። አንድ ሰው፣ በታጠበ እጅ፣ አስቀድሞ እናቲቱን ዳብሶና አናግሮ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢመዝናቸው የሚጎዳ ነገር የለም። እያጉረመረመች ጆሮዋን የምታጣብቅ ከሆነ ለምግብ ወጣ እስክትል ይጠብቁ።

ሁለት ጊዜ ቦታ መቀየሯ ቦታው እንዳልተመቻት ይነግርዎታል፤ ብርሃን በዝቶባት፣ ሰው በዝቶባት፣ ጨርቁ ረጥቦ ወይም ቁንጫ ኖሮበት ይሆናል። ወደ መረጡላት ቦታ አይመልሷት፤ ብትመልሷት ሦስተኛ ጊዜ ትሸሻለች፣ በያንዳንዱ ጉዞ ደግሞ መጨረሻ የሚቀረው ትንሹ ነው። ቁም ሣጥኑን መርጣለችና ቁም ሣጥኑን ያመቻቹላት። በሩ በድንገት እንዳይዘጋ አድርገው ይያዙት፣ በውስጡ ተዘርግታ የምትተኛበት የካርቶን ሣጥን ያስገቡ። የሣጥኑ መግቢያ ግልገል ተስቦ እንዳይወድቅ ያህል ከፍ፣ እናቲቱ ጡቷ ሳይላላጥ እንድትሻገር ያህል ዝቅ ይበል። ክሩ ያልተተረተረ ንጹሕ ጨርቅ ያንጥፉበት፤ የተተረተረ ክር ጥፍራቸውንና እግራቸውን ይጠልፋል።

ሲሸኑ አለማየትዎ ትክክል ነው፣ አልታመሙም። እስከ ሦስት ሳምንት ግልገል በራሱ መሽናትም ሆነ መጸዳዳት አይችልም፤ እናቱ ሆዱንና መቀመጫውን ስትልስ ይወጣዋል፣ እሷም እየላሰች ታጸዳዋለች። ትንሹን እንደምትልሰው ብቻ ይመልከቱ። ካልላሰችው ከእያንዳንዱ ጥባት በኋላ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ መቀመጫውን በቀስታ እያሹ እርስዎ ያሸኑት።

አሁን ስለ እናቲቱ። ቡናማ ወይም ቀላ ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ቀን በቀን እየቀነሰ የሚሄድ ፈሳሽ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ማሕፀኗ እየጠራ ነው። የሚሸት፣ መግል የመሰለ ወይም ትኩስ ደም የሚያወርድ ከሆነ ማሕፀኗ ተመርዟል፣ ቀን አይሰጥም። ያስጨነቀኝ አለመብላቷ ነው። በወለደች ዕለት እንግዴ ልጁን በልታ ምግብ ብትሸሽ ይገባኛል። በአራተኛው ቀን ግን የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ አብልጣ መብላት አለባት፤ ጥባቱ በሚበረታበት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ፍላጎቷ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ምግቡ ሩቅ ሆኖባት፣ ልጆቿን ጥላ መሄድ ፈርታም ሊሆን ስለሚችል ሳህኑንና ውሃውን አንገቷን ዘርግታ እስከምትደርስበት ያቅርቡላት። ለድመት ግልገል የሚዘጋጀው ምግብ ለሚያጠቡ እናቶችም ይስማማል፤ ፕሮቲኑና ጉልበት ሰጪነቱ ከፍ ያለ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አይለይ። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ወተትና ዳቦ አያቆማትም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ትርፍራፊ ደሟን ይመርዛል።

ጡቶቿን በየቀኑ ይዳብሱ። ለስላሳና ለብ ያለ ጡት ደህና ነው። አንዱ ጠጥሮ፣ ግሎ፣ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ካገኙት፣ ስትነካም ካመማት፣ የጡት ብግነት ነው። ግልገሎች ሲጮኹ መዋላቸውም አንዱ ምልክቱ ነው። ከዚህም የሚብሰው የካልሲየም መውረድ ነው። የምታጠባ ድመት ድንገት ዕረፍት ካጣች፣ አካሄዷ ከደረቀ፣ ካለከለከች፣ ጡንቻዋ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከወደቀች፣ ግልገሎቹን ከጡቷ አንሥተው በዚያው ደቂቃ ወደ ሐኪም ይሩጡ፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ይህን ፈርተው ግን የካልሲየም ክኒን አይስጧት። ከመውለዷ በፊት በዘፈቀደ የተሰጠ ካልሲየም ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም የሚያወጣበትን ሥርዓት ስለሚያዳክም አደጋውን ያብሰዋል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ለሰው የተሠራ ማስታገሻ ለድመት አይሰጥም። ፓራሲታሞል አንድ ክኒን እንኳ ድመት ይገድላል። ለውሻ የተዘጋጀ የቁንጫ መድኃኒት፣ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት፣ ለድመት መርዝ ነው፤ እናቲቱ ላይ ቢደረግ ግልገሎቹም ይልሱታል። ቁንጫ ካለ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ እያበጠሩ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ይድፉት፣ ጨርቁን በሙቅ ውሃ ይጠቡ፣ ለእናቲቱ የሚሆነውን ሐኪም ይምረጥ። ቁንጫን ንቀው አይተዉት፤ ብዙ ቁንጫ የወረራት ትንሽ ግልገል በደም ማነስ ትሞታለች፣ ድዷ ከሮዝ ወደ ነጭ ሲለወጥ ያዩታል። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የድመቷን መጸዳጃ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ። በዓይነ ምድሯ ሊወጣ የሚችለው፣ ፅንስን የሚጎዳው የቶክሶፕላዝማ ተሕዋስ ተላላፊ የሚሆነው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ዕለት በዕለት ማጽዳቱ ራሱ ትልቅ መከላከያ ነው።

ማታ መውጣት መፈለጓን ይከልክሏት። ለአጭር ጊዜ ከጎጆ ወጣ ማለቷ ጤናማ ነው፣ ከቤት መውጣቷ ግን አይደለም። «የምታጠባ ድመት አታረግዝም» የሚባለው ውሸት ነው፤ ግልገሎቿ ሳይጠነክሩ ለስሪያ ልትፈልግ ትችላለች፣ የድመት እርግዝና ደግሞ ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ወንድ ድመት ቤት እንዳይገባም ይጠብቁ፤ የእሱ ያልሆኑትን ግልገሎች ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ትንሹን ያሙቁት፣ ላንቃውን ይዩ፣ ከኋለኛው ጡት ያስይዙት፣ ክብደቱን ይጻፉ፤ የእናቲቱንም ምግብ ያቅርቡላት። ነገ በተመሳሳይ ሰዓት ክብደቱ ቢያንስ ወደ 10 ግራም ካልጨመረ፣ ወይም እናቲቱ እስከ ጠዋት በደንብ ካልበላች፣ አምስቱንም በአንድ ሙቅ ሣጥን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ትንሹን ብቻውን አይውሰዱት፤ ሐኪሙ ጡቷንና ማሕፀኗንም ማየት አለበት። ይህን ሁሉ አድርገውም ሊሞት እንደሚችል መደበቅ አልፈልግም። በውስጥ ብልቱ ጉድለት ይዞ የተወለደ ግልገል ማንም ቢያሞቀው ማንም ቢያጠባው አይተርፍም፣ ከውጭ ሲታይም ጉድለቱ አይታወቅም። በብርድና በረሃብ ብቻ የደከመው ግን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሚዛኑ ላይ ሲነሣ ያዩታል።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ቀለል ይላሉ። ዓይናቸው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል፤ በእጅ አይክፈቱት፣ ሳይከፈት ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ሐኪም ይየው። በሦስተኛው ሳምንት መራመድ ይጀምራሉ፣ ያኔ ዝቅ ያለ የመጸዳጃ ሳህን ያቅርቡላቸው። እርጥበት ሲነካው የሚጓጉል አሸዋ አይሁን፤ ይቀምሱታልና አንጀታቸው ውስጥ ይጠጥራል። ወስፋት በእናት ወተት ስለሚተላለፍ የትል መድኃኒት ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣቸዋል፣ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች፤ መጠኑ በክብደት ስለሆነ የመዘኑበት ወረቀት እዚህም ይጠቅማል። በአራተኛው ሳምንት ለስላሳ ምግብ ያስቀምሷቸው፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው ጡት ይተዋሉ። ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ከ12 ሳምንት ጀምሮ ነው።

ለሰው የሚሰጡበትን ጊዜ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ አያስቡት፤ እኔ 12 ሳምንትን እመርጣለሁ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ይያዟቸው፣ ሰውን ያለ ፍርሃት የሚለምዱት በዚያን ጊዜ ነው። ንክሻና ቧጨራን መቆጣጠርን ግን የሚማሩት ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲታገሉ ነውና ቀድሞ መለየት ይጎዳቸዋል። እናቲቱን ጡት ካስጣለች ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ወተቷ ሲደርቅ ያስመክኗት፤ እስከዚያ ከቤት አትውጣ። ሴት ግልገሎችም ገና በአራት ወራቸው ሊያረግዙ ስለሚችሉ፣ የሚወስዳቸው ሰው አምስት ወር ሳይሞላቸው እንዲያስመክናቸው ሲሰጡት አብረው ይንገሩት።